አስራ ሁለተኛው ፎቶ

ናይሮቢ፣ ሩንዳ የሚባል ሰፈር፣ ጋሼ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ከግቢው ውሻ ይልቅ የምፈራው ካሜራቸውን ነበር። ሳሎን መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠውን ጥቁር ቦርሳ አቧራውን እንኳ የማራግፍለት ትንፋሼን ይዤ ነው። አንድ ነገር ብሰብር እባረራለሁ፤ ብባረር ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ የማንኳኳው ሌላ በር አልነበረኝም። ስዋሂሊዬም ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሮ ለመውረድ ከሚበቃው አያልፍም።

ያን ጊዜ የጋሼ አባት ለሕክምና ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። አባባ እላቸዋለሁ። ጋሼ እሳቸውን ፎቶ ለማንሳት ያላደረጉት ነገር የለም። ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ይተክላሉ፣ ሌንስ ይቀያይራሉ፣ ብርሃኑን በትንሽ መሣሪያ ይለካሉ፣ ያነሱትን እያንዳንዱን ፎቶ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ።

«አባዬ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ።»

አባባ ግን ካሜራ ፊት ሲቀመጡ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አጥልቀው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው ድርቅ ይላሉ።

አንድ ጠዋት ጋሼ ካሜራውን ግቢው ውስጥ እንደተከሉት ትተው ስልክ ሊያነሱ ወደ ቤት ገቡ። አባባ ወዲያው ያንን የሚያቆስላቸውን ጥርስ አውልቀው ያቀረብኩላቸው የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት።

«እስቲ አንቺ አንሺኝ» አሉኝ።

«ኧረ አባባ! ጋሼ ይገድሉኛል!»

«ምን አባቱ ያመጣል? አባቱ እኔ ነኝ!»

እምቢ ማለት አልችልበትም። ቀረብኩና ጣቴን ጋሼ ሲጫኑት ያየሁት ቦታ ላይ አደረግሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምነው? ይነክሳል እንዴ? እኔም እንኳ የምነክስበትን አውልቄዋለሁ።»

ሳቃቸው የሚጀምረው ከትከሻቸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቁርስ ሳቀርብላቸው አይቼዋለሁ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ ተጫንኩት።

ቀጭ አለ። ካሜራው ላይ ያለው ቁጥር ከአስራ አንድ ወደ አስራ ሁለት ዞረ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን አስራ አንድ ነው። ቁጥሩን እንዴት እንደሚመልሱት አላውቅም። ጋሼ ተመልሰው ሲመጡ ሰማዩ ደመነ ብለው ቁጥሩን ሳያዩ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተቱት። አባባም በሳምንቱ አገራቸው ገቡ፤ ፊልሙ ሳያልቅ ካሜራው ውስጥ ቀረ። እኔ ግን በዚያ መደርደሪያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

በወሩ አባባ አረፉ።

ጋሼ ቀብረው ሲመለሱ ናይሮቢ ያሉ ወዳጆቻቸው ለቅሶ ሊደርሱ ነበርና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ አስፈለገ። ፊልሙን ዌስትላንድስ ሰፈር ያለ ፎቶ ቤት ወስደው አሳጠቡት። ያን ዕለት ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ።

ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ጠሩኝ። አስራ አንዱ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ሁሉም ጥርት ያለ፣ ሁሉም ድርቅ ያለ። አስራ ሁለተኛው እጃቸው ላይ ነው። ተንጋዷል፤ ደብዝዟል፤ ጥርስ ያለበት ብርጭቆ ጥግ ላይ ይታያል።

«ይኼ ደብተሬ ላይ የለም። ማነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ፤ እሳቸው አዘውኝ ነው።» ጥፋቴን በሞተ ሰው ማሳበቤ አሳፈረኝ።

ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ምን ብለሽ ነው ያሳቅሻቸው?» አሉኝ።

«ምንም አላልኩም። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ነው የሳቁት።»

ፍሬሙን ከፍተው ያንን ፎቶ አስገቡት።

«ጋሼ፣ ጥርሳቸው እኮ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ይበል» አሉና ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

ለቅሶ ደራሾቹ ሲገቡ ኩሽና በር ጀርባ ቆሜ ማን ምን እንደሚል አዳምጥ ነበር። አንዲት ሴት «ውይ፣ ይኸው ሲስቁ!» ብላ አለቀሰች። የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ፌስታል ልፈታ ሄድኩ።