እጀ ጠባብ የለበሰው ውሻ

ወሎ ውስጥ፣ መርሳ ከተማ ላይ ያን ውሻ መጀመሪያ ሳየው ቀበሮ መስሎኝ ልጄን ወደ ኋላዬ ሳብኳት። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጅራቱ ጀርባው ላይ እንደ ቀለበት ተጠቅልሏል፤ ነጭ ፀጉሩ ጣት አያሳልፍም። ጌታው ከሩቅ ሰሜን አገር የመጣ የእርሻ ባለሙያ ነበር። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያሉ የውጭ ሰዎች ወደኛ ይመጡ ነበር፤ እኔ ልብሱን አጥብለት ነበር።

አንድ ቀን ፎቶግራፍ አሳየኝ። ውሻው ነጭ ምድር ላይ ቆሞ ወደ ዛፍ አንጋጦ ይጮሃል። በእጁ ምልክት እንዳስረዳኝ የውሻው ሥራ ይኸው ነው፤ ዛፍ ላይ ወፍ ሲያገኝ አዳኙ እስኪደርስ ከሥሩ ሳይነቃነቅ ይጮሃል። ነጩ ነገር በረዶ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ለእኔ የተነደፈ ጥጥ ነበር የመሰለኝ። ለብዙ ቀን ልብስ እያሰጣሁ፣ ኮቴ በማይሰማበት የጥጥ አገር ላይ የምራመድ ይመስለኝ ነበር። ውሻውም እዚህ መጥቶ አመሉን አልተወም፤ ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ወፎቹ ላይ ሲጮህ ይውላል።

ሰውየው ለሦስት ወር ወደ አገሩ ሲሄድ ውሻውን ለእኔ ሰጠኝ። «አደራ» የሚለውን ቃል ተምሮ ኖሮ ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ። እኔ ደግሞ አደራ ሲሉኝ እህል የማይወርድልኝ ሰው ነኝ።

ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ጠና። ውሻው ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ የኔም ልብ አብሮ ያለከልካል። የተወለድኩት ከወልድያ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እኛ ዘንድ በግ ይሸለታል፤ ፀጉሩ ተፈትሎ ለብርድ የሚለበስ ባና ይሆናል፤ በጉም ይቀለዋል። ሰውየው በየጠዋቱ ውሻውን በብረት ማበጠሪያ ሲያበጥር አይቼ፣ «ምስኪን፣ መሸለት አያውቅም» ብዬ ለሰውየው አዝኜለት ነበር። መቀስ ተዋስኩና ሸለትኩት። እንደ በግ ዝም ብሎ ቆመልኝ። ከላይ ሻካራ፣ ከሥሩ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ፀጉር ተከመረ። ዋርካው ሥር ደፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ቆዳው በፀሐይ ተላጠ። ምግብ ተወ። ከሁሉ የከፋው ግን መጮሁን መተዉ ነው። ወፎቹ አጠገቡ ሲያርፉ እንኳ ቀና አይልም። ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

ጎረቤቴ የሆኑ ሙስሊም ሽማግሌ ለሶላት ልብሳቸውን እንዳይነካባቸው ውሻ አይጠጉም። ከአጥር ማዶ ሆነው አዩት።

«ምን አደረግሽው፣ ልጄ?»

«ሞቆት ነበር፣ አባቴ። ሸለትኩት።»

«ያ አላህ! የጎጆሽን ክዳን ገፈሽ ቤቴ ይቀዘቅዝልኛል ትያለሽ? ፀጉሩ እኮ ጥላው ነው!»

«አሁን ምን ይሻለኛል? የሰው አደራ ነው።»

«ያራቆትሽው አንቺ፤ አልብሺው እንግዲህ።»

ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ ያገኘሁት አቡጀዴ ነበረኝ፤ ለልጄ የውስጥ ልብስ ያሰብኩት። «ለሱ ስፊለት፣ እማዬ» አለችኝ። አራት እጅ ያለው እጀ ጠባብ ሰፋሁ። ቁስሉን ለጋ ቅቤ እየቀባሁ፣ ልብሱን ውኃ እያስነካሁ፣ በጥላ አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት ሳወጣው ሰፈሩ በሳቅ ይሞታል።

«እኛ በወረፋ እናረጃለን፣ የሷ ውሻ እጀ ጠባብ ይለብሳል!»

«ተያት እባክሽ፣ መስከረም ትምህርት ቤት ልታስገባው ነው!»

ሀፍረቴን ዋጥኩት። ማታ ማታ ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዬን ጎኑ ላይ እለጥፋለሁ። ፀጉሩ እየተንጨባረረ ወጣ፤ አንዱ ጋ ረዝሞ፣ አንዱ ጋ አጥሮ። መብላት ጀመረ። ድምፁ ግን አልተመለሰም።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ልብስ እየጨመቅኩ ጩኸት ሰማሁ። እየሮጥኩ ወጣሁ። ውሻው እጀ ጠባቡን እንደለበሰ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ ይጮሃል። አንጋጥጬ አየሁ። ወፎቹ የደፋሁትን ፀጉር ለቅመው ጎጇቸውን ሠርተውበታል፤ ቅርንጫፉ ላይ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ያ የጥጥ አገር እላዬ የተንጠለጠለ መሰለኝ።

«ንብረቱን እየጠየቀ ነው!» አሉ ሽማግሌው ከማዶ።

ሳቄና እንባዬ ተደባለቁ። እጀ ጠባቡን አወለቅኩለት፤ ሰውየው ትቶልኝ የሄደውን ማበጠሪያም ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳሁ።