ትርፍ የተባለው ነሐስ

ሐሙስ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ድሬዳዋ

ባቡሩ ሌሊቱን ሲያንገላታን አድሮ ጎህ ሲቀድ አወረደን። ወንድሜ ተስፋዬ የአባታችንን አሮጌ መኪና ጣቢያው በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። ተሳስመን ሳንጨርስ "እማዬ እንዴት ናት?" አልኩት።

"ሆዷ አብጧል። ሐኪሙ ቶሎ አዲስ አበባ ካልደረሰች ተስፋ የለም ብሏል።"

የመጣሁት ነገ በባቡር ይዣት ልመለስ ነው።

ወደ ቤታችን ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስንጀምር መኪናው ያቃስት ጀመር። ለውዝ የጫነ የጭነት መኪና ቀደመን። ማገዶ ያዘሉ ሴቶችም ሊደርሱብን ጥቂት ቀራቸው፤ አንደኛዋ ሳቀችብን። ተስፋዬ መሪውን በጡጫ መታ።

"በዚህ አያያዝ ነገ ባቡሩ ጥሎን ይሄዳል" አለ።

ረፋድ፣ ሐረር፣ ሸዋ በር

ከገበያው ጀርባ፣ የጀጎል ግንብ ጥላ የሚያርፍበት ጋራዥ አለ። ባለቤቱ አው አብዱላሂ ይባላሉ፤ ጺማቸውን በሒና ያቀሉ፣ ጣቶቻቸው በዘይት የጠቆሩ ሽማግሌ ናቸው። ካርቡራቶሩን ፈተው ጆንያ ላይ ዘረገፉት።

"ሱብሐነላህ። ይሄ ካርቡራቶር ነው ወይስ የሙሽራ ሳጥን?"

ዕድሜ ልኩን ሲጠጋግነው የኖረው ባለፈው ዓመት የሞተው አባቴ ነው። አው አብዱላሂ ሥራ የሌለውን ሞላ፣ ምንም የማይስበውን ሽቦ "ትርፍ፣ ይሄም ትርፍ" እያሉ ለዩ። በመጨረሻ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ተጣብቆ የኖረ ስስ ነሐስ አወጡ። መሐሉ ላይ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ብቻ አለችው።

"የሞተሩን ጉሮሮ ያነቀው ይሄ ነው። ማን አስገባው? እግሩን የማያምን ሹፌር መሆን አለበት።"

ማን እንዳስገባው እናውቃለን። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይህ መኪና ደንገጎ ላይ ተገልብጦ እናቴን ተጫናት። አባቴ ለቁልቢ ገብርኤል "እሷን ካተረፍክልኝ ይህ መኪና ዳግመኛ አይሮጥም" ብሎ ተሳለ። እሷ ስትድን ነሐሱን በገዛ እጁ ቆርጦ አስገባ። እናቴ እስካሁን በሕይወት ያለችው በዚያ ስለት እንደሆነ ታምናለች።

ተስፋዬ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። በማላውቀው ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል።

"ትርፍ ከሆነ ይውጣ" አለ ተስፋዬ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ቤት ደርሰን እናቴን ሳምኳት፤ ፊቷ ከስቷል። አጠገቧ መቀመጥ ስላቃተኝ ከጊደር መጋላ ገበያ ብርቱካን እገዛለሁ ብዬ ወጣሁና ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ስለ ስለቱ ለአው አብዱላሂ ነገርኳቸው።

"እኛ ነዝር የምንለው ነው በይኛ። ልጄ፣ ጠዋት አፍሽን ምን ያዘው?"

በሳቸው ጋራዥ የሚጣል ነገር የለም፤ ከአንዱ መኪና የወጣው ለሌላው ይሆናል። ነሐሱን ለአንድ የጅጅጋ መኪና የብሎን ሮንዴላ አድርገው ቆርጠውታል። መኪናው ሄዷል። ከጆንያው ላይ የጥፍር ቅርጽ ያላት ቁራጭ አነሱና በመዳፌ አስቀመጡልኝ።

"ሌላ ብቆርጥልሽ ነሐስ ነው እንጂ ነዝር አይሆንም" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ።

ቤት ስገባ፣ መኪናው ጋራዥ መዋሉን የሰማችው እናቴ "የአባትሽ ነሐስ አለ?" አለችኝ።

"አለ፣ እማዬ።"

ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር ውሸት አልመሰለኝም። ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ አልኩት።

ዓርብ ማለዳ፣ ደንገጎ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። እናቴ ከኋላ በጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የአለማያ ሐይቅ በመስኮቱ ሽው ብሎ አለፈ፤ ተስፋዬ ያፏጫል። ቁልቁለቱ ሲጀምር እናቴ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

"አቁም።"

"እማዬ፣ ባቡሩ..."

"አቁም አልኩህ።"

ቆመ። ወደ እኔ ዞረች። "አለ ያልሽኝ የታለ?"

ቁራጯን አውጥቼ ሰጠኋት። የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። አልተቆጣችም።

"አሥራ አምስት ዓመት የተረፍኩት በዚህ ነበር" አለች።

ተስፋዬ ወርዶ ጉልበቷን ሳመ፤ የሐኪሙን ቃል እየደጋገመ ለመናት።

"ሰምቻለሁ፤ ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ። እንግዲህ በቤቴ ልሙት። መልሰኝ።"

ከታች ድሬዳዋ በጭጋጉ ውስጥ ትታያለች። ተስፋዬ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ መኪናውን አዞረና በዝግታ ይነዳ ጀመር።

"አሁንማ እንደፈለግህ ንዳው" አለችው።

የቁርስ ሰዓት ሳያልፍ ሐረር ገባን። ያ መንገድ እንደዚያ ቀን አጥሮ አያውቅም።