መኪናው የሚያድርበት ሰፈር

አናጺው ከነጋ ጀምሮ ምራቁ ደርቋል። በእህቱ ግቢ ውስጥ፣ ኋላው እንደ ጣሳ የተጨማደደው ፒካፑ አጠገብ ቆሞ የኢንሹራንሷን ሴት ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ባወጣው አዲስ ደንብ የኢንሹራንስ ዋጋ መኪናው በሚያድርበት ሰፈር የሚወሰን ሆነ። እሱ የሚኖርበት ታች ሰፈር ግጭት ስለሚበዛ እጥፍ ይከፈላል። እህቱ ያለችበት ላይ ሰፈር ግን ርካሽ ነው። እሱም ፒካፑ እህቴ ዘንድ ያድራል ብሎ ፈረመ። ከትናንት ወዲያ ታች፣ ገዛ ደጁ ላይ፣ አንድ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ወደ ኋላ ሲል ጨፍልቆበት ሄደ። ፒካፑ ካልተጠገነ በርና መስኮት ለደንበኛ ማድረስ የለም፤ እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ የተገጨ ለማስመሰል እያንገጫገጨ ወደ ላይ ሰፈር ነዳው።

«አንተ ብቻ አፍህን ያዝ» አለችው እህቱ። «ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ወሬውን ለእኔ ተወው።»

«እትዬ፣ ቢያውቁብንስ?»

«በምን ያውቃሉ? መኪናው አፍ የለው!»

ሴትየዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሁት። ፎቶ አነሳች፣ ጎንበስ ብላ አየች። እሱ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው፤ ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ምስማር ይዞ ያሻል።

«እዚህ ቆሞ ነው የተገጨው?»

«እዚሁ!» አለች እህቱ ቀደም ብላ። «ያ ዓይነ ስውር፣ ገልባጩን እየነዳ መጥቶ ግቢውን አናወጠብን እኮ!»

ሴትየዋ ዞር ብላ መግቢያውን አየች። በሁለት ግንብ መሀል የምታልፍ ቀጭን መንገድ ናት። እሱ ራሱ ፒካፑን ያስገባው መስታወቶቹን አጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው።

«ገልባጭ በዚህ ገባ?»

እህቱም ዞራ መግቢያውን አየች። ላይ ሰፈር ለምን እንደረከሰ አናጺው ያን ጊዜ ገባው። እዚህ የሚጋጭ ነገር ከየት ይመጣል?

ምስማሩን ኪሱ ውስጥ ለቀቀው።

«ታች ነው» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«ታች ሰፈር፣ ደጄ ላይ። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።»

«ወይ አንተ ልጅ! ጉድ አፈላህ!» አለች እህቱ።

ሴትየዋ ወደ እሱ ዞረች። «አለቆቼ ይከፍሉዎታል ብዬ ቃል አልገባም። የዋጋውን ልዩነት ቆርጠው ይሰጡ ይሆናል፤ ጭራሽ ይከለክሉም ይሆናል። ግን የተገጨበትን ቦታ ሳላይ ምንም አልጽፍም። ይምጡ፣ ያሳዩኝ።»

መኪናዋ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጠ። ቀበቶው አልገባ አለው፤ እሷ አሰረችለት።

«በየት በኩል ነው?»

«ወደ ታች» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።