የማይቃጠለው ፈሳሽና የእንጦጦዋ አዋላጅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ኢንጂነር ሳሙኤል ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ክብሪት ጫሩ። ሲግናል ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤተ ሙከራችን፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትንንሽ የሸክላ ሳህኖች ነበሩ። በአንዱ የተለመደው የሊቲየም ባትሪ ፈሳሽ አለ። በሌላው ደግሞ አዮኒክ ሊኩዊድ፣ ማለትም ውሃ ሳይነካው እንዲሁ ፈሳሽ የሆነ ጨው። የመጀመሪያው ቦግ አለ። ሁለተኛው ክብሪቱን አጠፋው።

«አየሽ ወይንሸት? እንጀራችን ይሄ ነው» አሉኝ።

የኔ ድርሻ ይህ ፈሳሽ ከባትሪው ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኃይሉን ከሚይዙት ሁለት ጫፎቹ ጋር መስማማቱን ማጣራት ነበር። እርጥበት እንዳያበላሸው ጓንት በተገጠመለት የታሸገ ሳጥን ውስጥ የሳንቲም መጠን ያላቸውን ባትሪዎች እገጥማለሁ፤ ከዚያ እየሞላሁ፣ እያራገፍኩ እለካለሁ። ባልደረቦቼ ገና ጸጉሬ ሳይሸብት «ሽማግሌዋ» አሉኝ፤ ሥራዬ ማስማማት ነዋ!

አንድ ቀን ሲስተር ራድያ መጣች። እንጦጦ ላይ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። መብራት ሲጠፋ የሚጠቀሙበት ባትሪ አንዲት እናት ምጥ ላይ ሳለች አብጦ ጨሰባቸው። እናትየዋን ተሸክመው አውጥተው በረንዳ ላይ አዋለዷት።

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች። «እኔ ግን እስከዛሬ ሳዋልድ አንድ ዓይኔ ባትሪው ላይ ነው።»

ኢንጂነር እንደ ልማዳቸው ክብሪቱን ጫሩላት። ራድያ አየችና «አለመቃጠሉን አየሁ። ያበራል ወይ?» አለች።

«ክረምቱ ሳይገባ ያገኛሉ!» አሏት።

በአዲሱ ፈሳሽ የገጠምኳቸው ባትሪዎች መጀመሪያ ኃይል ጥሩ ያዙ። ቀስ በቀስ ግን አቅማቸው ወረደ። አንዱን ብከፍተው የአንደኛው ኤሌክትሮድ ግራፋይት ዝናብ እንደመታው የጭቃ ምርጊት ከመዳብ ፎይሉ እየተላጠ ነው። የፈሳሹ ትልልቅ አዮኖች ከሊቲየሙ ጋር ተጋፍተው በግራፋይቱ ስስ ንብርብሮች መሃል እየገቡ ይሰነጥቁታል። እርጥበት ቀርቶበት እንደሆነ ብዬ ፈሳሹን አየር በተመጠጠበት ምድጃ እንደገና አደረቅኩት፤ ለግራፋይቱ ከለላ የሚሠራ ኬሚካልም ጨመርኩበት። ትንሽ ሰነበተ፤ ያው ወረደ።

«ለጊዜው ይሄንኑ እንስጣቸው፤ ሲዳከም እንቀይርላቸዋለን» አሉ ኢንጂነር።

«መዳከሙን የሚያውቁት መብራት ሲጠፋ ነው እኮ! ያኔ ደግሞ ሴትየዋ ምጥ ላይ ናት።»

«ሽማግሌ አይደለሽም እንዴ? አስታርቂያቸው!»

«አንዳንዱን ማፋታትም ሽምግልና ነው። ይሄን አልገጥምም።»

በሩን ወርውረው ዘግተው ወጡ። ተናድጄ ነበር፤ ሥራዬን አጣለሁ ብዬም ፈርቼ ነበር። የካ አባዶ ቤቴ እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ከራሴ ጋር ስሟገት ሄድኩ፤ ሐሳቤ ግን አልተለወጠም።

በማግስቱ ኢንጂነር ቀድመውኝ ገብተው የተላጠውን ግራፋይት እያዩ አገኘኋቸው።

«በምን እንተካው?»

«በሊቲየም ታይታኔት። አዮኖቹ ሰርገው አይሰነጥቁትም።»

«ታዲያ ባትሪው ይከብዳል።»

«ይክበድ።»

ታይታኔቱ ከፈሳሹ ጋር ተስማማ፤ ሌላው ኤሌክትሮድ፣ ብረት ፎስፌቱ፣ ድሮም አላስቸገረንም። ቀሪው ጣጣ የእንጦጦ ብርድ ነበር፤ ፈሳሹ ሲበርደው ይወፍራል። ባትሪውን ፍሪጅ ውስጥ አስገብተን ሞከርነው። በፍጥነት አይሞላም፤ ለመብራት ግን በቂ ነው።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ ከቀጠሯችን ዘግይተን፣ ይዘንላት ወጣን። ኢንጂነር ራሳቸው ነገሯት፤ «ዘግይተናል። ይከብዳል፤ ለመሙላትም ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል።»

«ክብደቱን ለሁለት እንይዘዋለን» አለች ራድያ።

ከዚያ ዋናውን ማብሪያ ራሷ አጠፋችው። አምፖሉ በእኛ ባትሪ በራ። ትንሽ ቆማ አየችው፤ ከዚያም ለባትሪው ጀርባዋን ሰጥታ እጇን መታጠብ ጀመረች። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በሙያው ለምትከተሉኝ የምለው ይህን ነው፦ ፈሳሹን ብቻውን አትፈትኑ። አብሮት ከሚኖረው ኤሌክትሮድ ጋር፣ በሚኖርበት ብርድ ፈትኑት።