ሦስት ጊዜ የመለስኳት ሙዳይ

እናቴ ካስተማረችኝ ነገር ሁሉ ሳልከራከር የተቀበልኩት አንዱን ብቻ ነው፤ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ይህንኑ ይዤ ሚኒሶታ ድረስ መጣሁ። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ቡርንስቪል ከተማ፣ ከእኛ አፓርትመንት በላይ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ቻይናዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር። እኔ ሆስፒታል የከሰዓት ሺፍት ስለምገባ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የቤት ሥራዋን በእሳቸው ጠረጴዛ ሠራች፣ ሾርባቸውን ጠጣች። ማማ እንላቸዋለን። የእሳቸውም እንግሊዝኛ እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ ጥሩ እንግባባ ነበር።

ልጄ አድጋ፣ ሽማግሌዎች መጥተው እሺ ባልን በሳምንቱ ማማ በራችንን አንኳኩ። በሁለት እጃቸው አንዲት ክብ ሙዳይ ይዘዋል፤ ሲኒ ከሚሠራበት ነጭ ሸክላ የተሠራች፣ ባለ ክዳን። ክዳኗ ላይ ሁለት ዳክዬዎች በአበቦች መካከል ይዋኛሉ። ጎኗ ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ ቀይ ፍሬ ተስሏል፤ ቲማቲም መሰለኝ። ውስጧ በስኳር የተለወሰ ጣፋጭ ሞልቷል።

«ለልጅቷ» አሉኝ ጎንበስ ብለው።

ጣፋጩን በልተን ሙዳይዋን ሳጥብ፣ ከአፏ እስከ ወገቧ የወረደ ስንጥቅ አየሁ። እንደ ተሰነጠቀ ቅል በትንንሽ ብረት ተሰፍታለች። የተሰፋ ዕቃ ለሙሽራ ማን ይሰጣል? የዘወትር ዕቃቸው ናት ብዬ ዳቦ ቆሎ ሞላሁባትና ወደ ላይ ወጣሁ። ማማ ፈገግ አሉና ተቀበሉኝ።

በሳምንቱ ሙዳይዋ መንደሪን ይዛ ወረደች። እኔም የሰው እጅ አይቼ ዝም የምል አይደለሁም፣ ገብስ ቆሎ በሱፍ አድርጌ መለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሻይ ቅጠል ይዛ ስትመጣ ግን ተናደድኩ።

«እኚህ ሴትዮ እልህ ያዛቸው እንዴ?» አልኩ።

ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማሚ፣ ጀስት ሴይ ታንክ ዩ» አለችኝ።

«ታንክ ዩ ዕቃ አይሞላም» አልኳትና ጭኮ በቅቤ ለውሼ ወጣሁ። ያን ቀን ማማ ፈገግ አላሉም። ሙዳይዋን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «ገባኝ» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዙብኝ። ላውንድሪ ክፍል ስንገናኝ ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ሆነ። ቅቤው ሸቷቸው ይሆን ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩ፤ ወጥቼ መጠየቅ ግን ሞቴ ሆነ። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ ሁለት ወር እንዲሁ ተዘጋጋን።

አንድ ሐሙስ በራቸው ላይ ካርቶን ተደርድሮ አየሁ። ወንድ ልጃቸው ሌላ ስቴት ወዳለው ቤቱ ሊወስዳቸው ነው፤ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ያኔ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ ልርዳዎት ብዬ ገባሁ። ዕቃ በጋዜጣ ስንጠቀልል ሙዳይዋ እጄ ገባች።

«ይቺ እንኳ ተሰብራለች፣ መንገድ ትችላለች?» አልኳቸው።

«እሷ አትሄድም። ልጄ አሮጌ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ይሰጣታል። አንቺ እንደሆነ አልፈልግም ብለሻል።»

«እኔ? መቼ?»

ወንበር ላይ ተቀመጡና በጣታቸው ሥዕሉን እየነኩ ነገሩኝ። ሙዳይዋ የአያታቸው ናት፤ ከአያት ለእናት፣ ከእናት ለልጅ፣ በሠርግ ነው የምትተላለፈው። ዳክዬዎቹ የማይለያዩ ባልና ሚስት ናቸው። አበባው ከጭቃ በቅሎ ጭቃ አይነካውም። ቲማቲም ያልኩት ሮማን ነው፤ ፍሬው ልጆች ናቸው። እናታቸው በስደት ሲጓዙ ተሰነጠቀችና ዕቃ ጠጋኝ ሰፋት። «ሰዎች ስፌቱን ይንቃሉ። ትዳር ግን የሚዘልቀው ሲሰፋ ነው» አሉኝ። የራሴን ትዳር ሳልሰፋ የተውኩ ሰው ነኝና ጎንበስ ብዬ ጋዜጣ ማጣጠፍ ያዝኩ።

«ሴት ልጅ የለኝም» አሉ ማማ። «ያሳደግኳት ግን አለችኝ፣ እታች። እኛ ዘንድ ስጦታ ሲሰጥሽ አንዴም ሁለቴም እንቢ ትያለሽ፣ ጨዋነት ነው። ሦስተኛው እንቢታ ግን ከልብ ነው። ሦስት ጊዜ መለስሽብኝ።»

ፊቴ ነደደ። የእናቴን ሕግ እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው፤ ዳቦ ቆሎውም፣ ቆሎውም፣ ጭኮውም እንቢታ ሳይሆን አክብሮት እንደነበር። ማማ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ ቀጥሎ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እኔ በሕይወቴ ስጡኝ ብዬ አላውቅም፣ ነውር ነው። ያን ዕለት ግን «ማማ፣ እባክዎን ለልጄ ይስጡኝ» ብዬ ለመንኩ።

ማማ ሙዳይዋን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ክዳኗን ከፈቱ፣ ገልብጠው ሁለቴ አራገፏት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«እዪ፣ ባዶ ናት» አሉኝ በሁለት እጃቸው እየዘረጉልኝ። «አሁን የምትመልሺው የለም።»

ሙዳይዋን አቅፌ ደረጃውን ስወርድ እንባዬ መጣ። የስድስት ዓመት ሾርባ፣ የስድስት ዓመት የቤት ሥራ በምን ዕቃ ተሞልቶ እንደሚመለስ አላውቅም ነበር። ዓርብ ወደ ማታ ዳቦ ልጋግር ዱቄት ሁሉ አወጣሁ፤ ትንሽ ቆሜ አሰብኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪናው ሲነሳ፣ ባዶ እጄን ወርጄ ሸኘኋቸው።