ሰባት ጭረት ያለበት ዘንግ

ባለ ሰባት ጭረቱን ዘንግ ከጥግ ባነሳሁት ቁጥር የጭቃና የደንገል ሽታ ያውደኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን «የኔ ነው» ስል ኖሬያለሁ።

ስማኝማ፤ እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደሉንም ካርታውንም ራሴን በራሴ አስተማርኩ። በሃያ ዓመቴ የፎገራን ሜዳ እንደኔ የሚያውቅ ወረታ ውስጥ አልነበረም፤ የተጓዥ ወጣቶች ማኅበርን የምመራውም ለዚሁ ነበር። በየዓመቱ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ሐይቁ ዳር ወርደን እንሰፍር ነበር። የታንኳ ቀዛፊዎች ማኅበር ለብቻው ይወጣል። እነሱ እኛን «እግረ ደረቆች» ይሉናል፣ እኛም «ቂጠ ርጥቦች» እንላቸዋለን።

አንድ ዓመት ዝናቡ መስቀልን አልፎ ቀጠለ። የቀዛፊዎቹ አለቃ፣ ሽበታም ሰው ነበሩ፣ ራሳቸው ቀርጸው ውሃ ዳር እየተከሉ ከፍታውን የሚለኩበትን ያንን ዘንግ ይዘው ቤቴ መጡ። ውሃው ከሦስተኛው ጭረት ሳይወርድ እንዳንሄድ ለመኑኝ። ቀናችን የታወቀ ነው አልኳቸው።

«አንተማ ታውቀዋለህ፤ ውሃው ነው የማያውቀው» አሉኝ።

ወረድን። እኩለ ቀን ላይ ጥቁሩ ጭቃ እስከ ጭኔ ዋጠኝ። አሥራ ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ ቆመዋል፣ ውሃው እያብረቀረቀ ዙሪያችንን ይሰፋል። የመቅዘፊያ ድምፅ ስሰማ አለቀስኩ። አለቃው ዘንጉን ዘረጉልኝና «ያዝ እንግዲህ፣ እግረ ደረቅ» አሉኝ። ሁላችንንም አንድ በአንድ ወደ ታንኳዎቹ ሳቡን።

በዚያው ሳምንት ሁለቱ ማኅበራት አንድ ላይ ተቀመጥን። ቀኑን ዘንጉ እንዲቆርጠው፣ ውሃው ካልሸሸም ሁላችንም ወደ ጣራ ገዳም ጫካ እንድንወጣ ተስማማን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። በዚያ ዳገት ቀዛፊዎቹ ሲያለከልኩ የሳቅነውን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ከዓመታት በኋላ አለቃው በእርጅና ሲደክሙ ዘንጉን ለኔ ሰጡኝ። «ማንበብ ትወዳለህ፤ እንግዲህ ይህንንም አንብብ» አሉኝ።

አሁን ዝናቡ ጨርሶ ወሩን ስቷል። ባለፈው ሳምንት የዛሬዎቹ ተጓዦች፣ ቀዛፊዎችና ወፍ ተመልካቾች የዓመቱን ፕሮግራም አብረው ሊያሻሽሉ ጠሩኝ። እኛ ጭቃ ውስጥ ገብተን የተማርነውን እነሱ ሳይሰምጡ ጀመሩት፤ ኮራሁባቸው። የተጓዦቹ መሪ፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት፣ ዘንጉን በጣቷ እየዳበሰች፦

«አባባ፣ ጭረቶቹን እርስዎ ነዎት የቀረጿቸው?» አለችኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። የመቅዘፊያው ድምፅ መጣብኝ።

«አይ ልጄ» አልኳት፣ ዘንጉን እያስረከብኳት። «እኔስ አንባቢው ነኝ።»