በመሪጌታ ድምፅ ስር ያለው እዝዝታ

እህተ ማርያም ጎረቤቴ ናት። ገና ልጅ ሳለች ከቋሪት ለመሪጌታ ገብረሰንበት ተድራ ቡሬ መጣች፤ የሚለየን አጥር ብቻ ነው። መሪጌታ የዜማ መምህር ነበሩ። ማኅሌት ሲቆሙ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። ቤት ሲገቡ ግን ዝም ነው። «ውሃ ስጭኝ»፣ «ተማሪዎቹ በሉ?»፣ በቃ። እህተ ልጅ አልወለደችም። የሰው ልጆች አብልታ፣ አስታማ አሳደገች፤ እነሱም ዜማቸውን ተምረው በየደብሩ ሄዱ።

ባለፈው ዓመት መሪጌታ ታመው ሐኪም ወደ ቤት ሲመልሳቸው፣ ለተማሪዎቻቸው ማስታወሻ እንዲሆን በካሴት ዜማ ቀዱ። ሲጨርሱ እህተን «እስኪ ውጭ ቆይ» አሏትና ብቻቸውን ትንሽ አወሩ። ስትመለስ «መጨረሻ ላይ ያለው ያንቺ ነው፤ ስሞት ትሰሚዋለሽ» አሏት። በሕይወት ሳሉ መስማት ሟርት መስሏት አልነካችውም። ካሴቱ እንዳይበላሽ ግን ፍኖተ ሰላም አንድ ሱቅ ወስዳ በፍላሽ አስገለበጠችው።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ራዲዮም ፍላሽም የሚያጫውት ዕቃ ከነስፒከሩ ገዛችና ጠራችኝ። ዜማው ደህና ነው። ከስሩ እዝዝ የሚል ድምፅ አለ እንጂ ይሰማል። መጨረሻው ላይ መሪጌታ በደከመ ድምፅ «እህተ» አሉ። ከዚያ ወዲያ እዝዝታው ዋጣቸው። የሚያወሩ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቃሉ አይለይም።

«ንብ የገባበት ነው የሚመስል» አልኳት።

«ንብስ ማር ይሰጥ ነበር» አለችኝ።

ቴፕ ጠጋኙን ባምላኩን አስመጣን። ዕድሜው ሰላሳ ያለፈ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። መጀመሪያ የፍሪጁን ሶኬት ነቀለ። እዝዝ። የዲሹን ገመድ ፈታ። እዝዝ። የስፒከሩን ሽቦ ቀየረ።

«እማማ እህተ፣ ይህ ነገር ከኔ ጋር እልህ ተጋባ» አላት።

«አንተም ተጋባዋ፣ ምን ሥራ አለህ።»

በጣቱ የዕቃውን ብረት ሲነካው እዝዝታው ቀነስ አለ። ይሄኔ «መብራቱ ከመሬት አልተያያዘም ማለት ነው» ብሎ ፊቱ በራ። ከጓሮ መሬቱን ቆፍሮ ብረት ቀበረ፤ ጨውና ውሃ አፈሰሰበት፤ ሽቦ ስቦ ከዕቃው ጋር አሰረው። ራዲዮውን ከፈተ። ጥርት አለ። እህተ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሯን አስጠጋች፤ እንግዳ የሚመጣባት ትመስል ነበር።

ፍላሹን ሰካው። እዝዝ።

ባምላኩ ጎንበስ ብሎ ብዙ አዳመጠ። ኋላ ቀልዱን ትቶ፣ «የቤትዎ መብራት ድኗል፣ እማማ። ይህ ግን ከድምፁ ጋር አብሮ የተቀዳ ነው፤ ሲገለብጡት የገባ ይመስለኛል። ካሴቱን ያምጡልኝና እኔ ራሴ በደንብ እገለብጠዋለሁ» አለ።

እህተ ወደኔ ዞረች። ካሴቱ የት እንዳለ እኔም አውቃለሁ። መሪጌታ ሲገነዙ አጠገቧ ነበርኩ። ካሴቱን ከጉያዋ አውጥታ ለገናዡ ቄስ ሰጠችው። «ድምፃቸው ነው፤ ከሳቸው ጋር ይሂድ። እኔ ግልባጩ አለኝ» አለች። ቄሱም ከደረታቸው ላይ አኖረው፤ ከፈኑና ሰሌኑ ከላይ ተጠቀለለ። ያን ዕለት እኔም ደግ አደረገች ብዬ ነበር።

ለባምላኩ የነገርኩት እኔ ነኝ። አንገቱን ደፋ።

«ካህናቱን ብንጠይቅስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ለኔ ወሬ ብዬ መቃብር አላስከፍት» አለች እህተ። «ደግሞ ይህ ሁሉ ዝናብ ዘንቦበት።»

ዝም ብሎ መሄድ ከበደው መሰለኝ፣ የዕቃውን መዘውሮች ያዘ። ወፍራሙን ድምፅ ሲቀንሰው እዝዝታው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከጸጥታው ውስጥ ግን መሪጌታም የሉም። «እህተ» የምትለዋ እንኳ እንደ ትንፋሽ ሆና ጠፋች።

«የሳቸውም ድምፅ ወፍራም ነው» አለ ባምላኩ። «ሁለቱ አንድ ቦታ ነው ያሉት። አንዱን ስነካ ሌላውም ይሄዳል።»

«እንግዲያ መልሰው።»

«እማማ፣ እዝዝታው እኮ ይረብሽዎታል።»

«መልሰው ልጄ፣ እንደነበረ አድርገው።»

መለሰው። እዝዝታው ቤቱን ሞላው። መሪጌታ ስሟን ጠሩ፤ ቀጥለውም የሚሉትን አሉ። እህተ ጆሮዋን ከስፒከሩ አስጠግታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እስከ ማለቂያው አዳመጠች። ሲያልቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

አልሰማሁም አልኳት።